የሳፊር ሞተር ለምን ተገለበጠ? ኋላስ ለምን ተቀየረ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጅ። አባቴ በወጣትነታቸው የአየር ኃይል መካኒክ ነበሩ። የመጀመሪያው ሳፊር አውሮፕላን የሞተሩ ሲሊንደሮች ወደ ታች የተንጠለጠሉ እንደነበሩ፣ በኋላ የመጣው ግን በግራና በቀኝ የተጋደሙ ሲሊንደሮች እንደነበሩት ይነግሩኛል። ሞተሩ የተቀየረው የመጀመሪያው ስለማይረባ ነው? የድሬዳዋ ሙቀትስ ያስቸግረው ነበር?
የመካኒክ ልጅ፣ ከከዚራ

መልስ፦ አባትዎ በትክክል አስታውሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1945 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው የስዊድኑ ሳፊር 145 ያህል የፈረስ ጉልበት ያለው ጂፕሲ ሜጀር ሞተር ነበረው። የማይረባ ሞተር ግን አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1947 ስዊድናዊው አብራሪ ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ከስቶክሆልም አዲስ አበባ ድረስ 6,220 ኪሎ ሜትር ሳያርፉ የበረሩት በዚሁ ነው።

ሞተሩ የተገለበጠው ሆን ተብሎ ነው። ክራንክሻፍቱ (የፒስተኖቹን ምልልስ ወደ መሽከርከር የሚለውጠው ዘንግ) ከላይ ሲሆን ፕሮፔለሩ ከመሬት ከፍ ስለሚል የጎማ እግሮቹን ማሳጠር ይቻላል፤ የአፍንጫው ጀርባም ዝቅ ስለሚል አብራሪው ፊት ለፊቱን በደንብ ያያል። ችግሩ ሞተሩ ቆሞ ሲያድር ዘይቱ በፋሻዎቹ (በፒስተን ቀለበቶቹ) በኩል ወደ ሲሊንደሮቹ መንጠባጠቡ ነው። ዘይት እንደ አየር ስለማይታመቅ፣ ሞተሩ በዚያው ቢነሣ የፒስተኑ ዘንግ ሊጣመም ይችላል፤ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ማቀጣጠያው ተዘግቶ ፕሮፔለሩን በእጅ ቀስ አድርጎ ማዞር ግድ ነበር። አባትዎ ይህን ሥራ ሳያውቁት አይቀሩም። ከዚህም ሌላ ሲሊንደሮቹ በአንድ መስመር ስለተደረደሩ ለኋለኞቹ ቀዝቃዛ አየር ማድረስ ይከብዳል።

በሁለተኛው ሳፊር የገባው ላይካሚንግ የተባለው ሞተር ስድስት የተጋደሙ ሲሊንደሮችና 190 የፈረስ ጉልበት ነበረው። የድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል ከ1,100 ሜትር በላይ ከፍ ስለሚል፣ እዚያ ተራ ሞተር ከጉልበቱ ከአሥር በመቶ በላይ ያጣል፤ የቀትሩ ሙቀት ሲታከልበት አየሩ ይበልጥ ይሳሳል፣ ክንፉም የሚሸከመው ያንሳል። 145ቱ ከ130 በታች በሚወርድበት ሜዳ ላይ 45 የፈረስ ጉልበት መጨመሩ ትልቅ ነገር ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን የመጨረሻው ምርጫ ነው። ሳፊር 91ዲ የተባለው የኋለኛው ሞዴል ባለ 7.1 ሊትሩን ስድስት ሲሊንደር ትቶ ባለ 5.9 ሊትር፣ ባለ አራት ሲሊንደር ላይካሚንግ ያዘ። ጉልበቱ ወደ 180 ዝቅ አለ፤ ነገር ግን ሞተሩ ቀለል ስላለ አፍንጫው ላይ የሚያርፈው ክብደት ቀነሰ፣ የሚፈተሹት ካንዴላዎችና ቫልቮችም በሲሶ አነሱ። በምትኩ የቀረው የስድስቱ ሲሊንደር ለስላሳ አሠራር ነው፤ ባለ አራቱ ይበልጥ ይንቀጠቀጣል።