በነሐሴ ወንጪ ይኬዳል?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሰበታ ነው። ነሐሴ ላይ ባለቤቴንና ልጆቼን በትንሿ መኪናችን ወንጪ ልወስዳቸው ሳስብ፣ ዘመድ ሁሉ «በክረምት ተራራ?» ይለኛል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ወንድማችን፣ እኔ ብሆን እሄዳለሁ። የወንጪ አፋፍ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ብርዱና ጭጋጉ ቀላል አይደለም፤ ግን ሐይቁን በዚያ ሁሉ ልምላሜ ተከቦ የምታየው ያኔ ነው፣ በበጋ ብትሄድ ይህን አታገኘውም። በጅማ መንገድ ወሊሶ ድረስ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ታጥፈህ ሽቅብ ነው። በጠዋት ውጡ። ዝናቡ ብዙ ጊዜ የሚበረታው ከሰዓት ነው። ጎማህ ካለቀ ሳትቀይር እንዳትነሳ! ቁልቁለቱን ፍሬን ረግጠህ ሳይሆን በሁለተኛ ማርሽ ውረድ፣ አለበለዚያ ፍሬኑ ይግልና አልይዝ ይልሃል። ጭጋግ ከከበደ ዳር ይዘህ ጠብቅ። ከመነሳትህ በፊት ወሊሶ ለሚኖር ሰው ደውለህ ስለ መንገዱ ሰላም ጠይቅ። ለልጆቹም ጋቢ ያዙ።