ጥያቄና መልስ፦ ልጃችን ማሞቂያ ውስጥ ሳለች እኛ ምን እንሥራ?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን የወለደችው እርግዝናዋ ልክ 31 ሳምንት በሞላበት ዕለት ሲሆን፣ ሕፃኗ 1,400 ግራም ትመዝናለች። ዛሬ ስድስተኛ ቀኗ ነው። ባሕር ዳር በሚገኝ አንድ ሆስፒታል፣ በጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል ተኝታ በአፍንጫዋ ኦክስጅን፣ በቀጭን ቱቦ ደግሞ ወተት ይሰጣታል። ባለቤቴ ቤት ሆና እየተመላለሰች ነው። ነርሶቹ ልጅቱን ገላ ለገላ እንድታቅፋት፣ ሲደክማት ደግሞ እኔ እንድተካት ነግረውናል። ከዘጌ በጀልባ የመጡት አማቴ ግን «ከማሞቂያው ከወጣች ብርድ ይመታታል፤ ወንድ ደግሞ አራስ ልጅ ማቀፍ አይችልበትም» ይላሉ። የመጀመሪያው ቢጫ እንገር ይደፋ ብለውም ነበር። አሁን የሚታለበው ወተት የሲኒ ሥር እንኳ አይሸፍንም። ቆመን ከማየት በቀር ምን ልናደርግላት እንችላለን? የክርስትናዋስ ነገር?
ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድመው ለባለቤትዎ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይበሉልን። ልጃቸውን ሆስፒታል ትተው ባዶ እጃቸውን ወደ ቤት ለሚመለሱ እናቶች ይህን ቃል የሚላቸው ሰው ብዙ ጊዜ ይታጣል።

አማትዎ ብርድን መፍራታቸው ትክክል ነው። በ31 ሳምንት የተወለደች ሕፃን ከቆዳዋ ሥር ሙቀት የሚይዝላት ስብ ገና አልተጠራቀመላትም፤ የሰውነቷ ሙቀት ከ36.5 ዲግሪ በታች ሲወርድም ለማደግ የሚያስፈልጋትን ኃይልና ኦክስጅን ራሷን ለማሞቅ ትጨርሰዋለች። ይሁን እንጂ ከዚህ ብርድ የሚጠብቃት አንዱ መንገድ የእናቷ ደረት ነው። ይህ አያያዝ የካንጋሮ እንክብካቤ ይባላል፤ የተጀመረውም እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ፣ ማሞቂያ በቂ ባልነበረበት ሆስፒታል ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ የሆነና በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ የተካሄደ ጥናት፣ ክብደታቸው ከ1 እስከ 1.8 ኪሎ ግራም የሆኑ ሕፃናት እንደተወለዱ ገላ ለገላ ሲታቀፉ፣ እስኪረጋጉ ድረስ ከተጠበቁት ይልቅ በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት ውስጥ የሚሞቱት በሩብ ያህል እንደሚቀንሱ አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲታቀፉ ይመክራል። ስለዚህ ነርሶቹ «እቀፏት» ሲሏችሁ ሕክምና እያዘዙ ነውና እንደ መድኃኒት ሰዓት አክብሩት።

አያያዙ እንዲህ ነው። ልጅቱ ዳይፐር፣ ኮፍያና ካልሲ ብቻ አድርጋ በሁለቱ ጡቶች መካከል ቀጥ ብላ ትቀመጣለች፤ ፊቷ ወደ ጎን ይዞራል፣ አንገቷ ግን ወደፊት እንዳይታጠፍ ይጠነቀቋል፣ የአየር መተላለፊያዋ የሚዘጋው ያን ጊዜ ነውና። እግሮቿ እንደ እንቁራሪት ታጥፈው በሰፊ ጨርቅ ጠበቅ ተደርጋ ትታሰራለች፤ ከላይ ጋቢ ይደረባል። ኦክስጅኑና ቱቦው አያግዱም፤ ስትወጣና ስትገባ ግን ነርሷ ትርዳችሁ። መነሣት መቀመጡ ስለሚያደክማት አንዴ ከታቀፈች ቢያንስ አንድ ሰዓት ትቆይ። የእርስዎ ደረትም ያሞቃታል፤ እጅዎን እስከ ክርንዎ በሳሙና ታጥበው፣ ሽቶ ሳይቀቡ ይግቡ። ጉንፋን ከያዘዎት ግን ለነርሶቹ ነግረው እስኪሻልዎ ይቆዩ። እንደ እርሷ ያሉ ሕፃናት አንዳንዴ መተንፈስ ለአፍታ ስለሚያቆሙ መሣሪያው ቢጮህ አይደንግጡ፤ ወዲያው ነርስ ይጥሩ።

ወደ ወተቱ ስንመለስ፣ እንገር አንድ ጠብታው እንኳ መደፋት የለበትም። ከበሽታ የሚከላከሉ ንጥረ ነገሮች በብዛት የሚገኙበት እርሱ ነው፤ የእናት ወተት በአጠቃላይም ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን ከሚያሠጋው ከባድ የአንጀት ቁስለት ይጠብቃል። የወተቱ ማነስ ባለቤትዎን አያስጨንቃት። ልጅዎ በዚህ ክብደቷ ሙሉ ምግብ ስትጀምር እንኳ በየሦስት ሰዓቱ የምትወስደው 25 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ ከቡና ሲኒ ግማሽ አይበልጥም። ወተት የሚጨምረው ሲታለብ ስለሆነ ሌሊቱን ጨምሮ በቀን ስምንት ጊዜ ያህል ትለብ፤ በተለይ ልጅቱን አቅፋ እንደጨረሰች ብታልብ የበለጠ ይወርድላታል። አውራ ጣቷንና ጣቶቿን ከጡት ጫፉ ጥቁር ክብ ጀርባ አድርጋ፣ መጀመሪያ ወደ ደረቷ ገፋ፣ ቀጥሎ ጨመቅ ታድርግ፤ ጫፉን ብቻ መጎተት ያቆስላል። ዕቃውን በሳሙና አጥቦ መቀቀልና ቤት የታለበውን በአራት ሰዓት ውስጥ ሆስፒታል ማድረስ የእርስዎ ሥራ ይሁን። ወተቱን ግን እሳት ላይ አይጣዱት።

አማትዎን ከዚህ ሁሉ አያርቋቸው። አራሷ ገንፎና አጥሚት እንዳይጓደልባት፣ በየመሐሉም እንቅልፍ እንድታገኝ የሚጠብቅላት ሰው ትፈልጋለች፤ ይህን ከእናት የተሻለ የሚያደርገው የለም። ለሕፃኗ ግን ቅቤም ሆነ የስኳር ውኃ እንዳያቀምሷት በአክብሮት ያስረዷቸው። ልጅቱ ቤት ስትገባ ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላ፤ የከሰሉና የዕጣኑ ጭስ ለሳንባዋ ከባድ ነው። የጣና ዳር ትንኝ እንዳይደርስባትም በአጎበር ሥር ትተኛ።

ክርስትናዋን በተመለከተ አንድ ስሌት ይያዙ። ልጅዎ 40 ሳምንት የሚሞላት በተወለደች በ63ኛው ቀን ነው፤ ስለዚህ በሰማንያኛው ቀኗ በጊዜዋ ብትወለድ ኖሮ የ17 ቀን ሕፃን ትሆን ነበር። በዚያ ዕለት ከእኩዮቿ አንሳ ብትታይ አይዘኑ፤ ክብደቷንና ጤንነቷን አስቀድመው ለሐኪሟ ያሳዩ፣ ከንስሐ አባትዎም ጋር ይነጋገሩ። ቀኑ ደርሶ ስትጠመቅም ከውኃው እንደወጣች በደረቅ ጨርቅ ተጠራርጋ፣ ኮፍያዋን አድርጋ፣ ወዲያው ከእናቷ ደረት ላይ በጋቢው ውስጥ ትግባ።