ከቁጥሩ በፊት ጠብታውን እዩ

በደም በሽታዎች ምርምር ለመሰማራት ለምታስቡ ወጣቶች፤

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ባሕር ዳር ቤቴ ድረስ እየመጣችሁ «የትኛውን ማሽን ብንማር ይሻላል?» የምትሉኝ በርክታችኋል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔ ግን መልሴን የምጀምረው አንድ ቁጥር ካሳፈረኝ ቀን ነው።

ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ከዘጌ በጀልባ የመጡ አንድ ቡና አምራች አባት ደም ሰጡ። የደም መቁጠሪያው ማሽን ፕሌትሌታቸውን፣ ማለትም ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን ጥቃቅን ሕዋሳት፣ 18 ሺህ ብሎ አተመው፤ የጤነኛ ሰው በአንድ ማይክሮሊትር ከ150 እስከ 450 ሺህ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ድዳቸው አይደማም፣ ቆዳቸው ላይም አንዲት ነጥብ አልነበረችም፤ እኔ ግን ወረቀቱን ፈርሜ ሰጠሁ። ወደ ትልቅ ሆስፒታል ተላኩ፤ ለመንገዱና ለሕክምናው ገና ያልደረቀ ቡናቸውን በርካሽ ሸጡ። እዚያ አንዲት የላቦራቶሪ ባለሙያ ደማቸውን ስላይድ በሚባለው ስስ መስታወት ላይ ዘርግታ በማይክሮስኮፕ ስታይ ፕሌትሌቶቹ በተዘረጋው ደም፣ በቅቡ፣ ጫፍ ላይ ተቋጥረው አገኘቻቸው። ደም ቱቦ ውስጥ እንዳይረጋ የሚደረገው ኢዲቲኤ በአንዳንድ ሰው ደም ላይ ፕሌትሌቶችን እርስ በርስ ያጣብቃል፤ ማሽኑም ቋጠሮውን ፕሌትሌት ብሎ አይቆጥረውም። ሲትሬት የተባለ ሌላ የደም ማርጊያ መከላከያ ባለበት ቱቦ ደግማ ብትቀዳ ቁጥሩ ሙሉ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ አጠራጣሪ ውጤት ሲመጣ ስላይድ ሳላይ አልፈርምም። ትንሽ ጠብታ በአንዱ ስላይድ ዳር ታኖራላችሁ፤ ሌላውን ስላይድ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ አዘንብላችሁ ደሙ በጠርዙ ላይ እስኪሰራጭ ትጠብቁና ሳትፈሩ ሳትቸኩሉ ወደ ፊት ትገፉታላችሁ። እጁ የተፈታ ሰው የሠራው ቅብ ጫፉ እየሳሳ ሄዶ እንደ ላባ ይጠፋል። እኔ ይህን የተማርኩት ማብራት በጠፋባቸው ቀናት ነው፤ መስታወት ያለውን አሮጌ ማይክሮስኮፕ መስኮት ሥር አስቀምጬ ከጣና በኩል በሚመጣው ብርሃን አይ ነበር።

ሁለተኛው ነገር ከውጤቱ ጎን የታተመው «ጤናማ ወሰን» ነው። የማን ጤና ነው ብላችሁ ጠይቁ። የብዙ ጤነኛ ኢትዮጵያውያን የኒውትሮፊል (ተህዋስን የሚዋጋ የነጭ የደም ሕዋስ ዓይነት) ቁጥር አውሮፓውያንን መሠረት አድርጎ ከተጻፈው ዝቅተኛ ወሰን በታች ይወርዳል፤ ይህም በአብዛኛው ዳፊ የተባለው የደም ዓይነት ምልክት ከቀይ የደም ሕዋስ ላይ ከመጥፋቱ ጋር የተያያዘ ውርስ እንጂ በሽታ አይደለም። (ይኸው ውርስ ቫይቫክስ የተባለው የወባ ተህዋስ ወደ ቀይ የደም ሕዋስ መግባቱን ያከብድበታል፤ ሰውነት መቼም ከአንድ ነገር ሁለት ሥራ ማውጣት ይወዳል።) እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ደግሞ በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ አማሮችን መርምሮ፣ ኦክስጅን ተሸካሚው ሄሞግሎቢናቸው እንደ ደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች ከፍ ያላለ፣ የደማቸው የኦክስጅን ሙሌትም በባሕር ጠለል ከሚኖሩት ያልራቀ መሆኑን አሳይቷል። የገዛ ወገናችን ደም ለዓለም እንቆቅልሽ ሲሆን እኛ የሌላውን አገር ወሰን ገልብጠን መኖራችን ያስቆጨኛል።

በጣና ሐይቅ ዙሪያም ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 ሊቦ ከምከም ላይ የተነሣው ወረርሽኝ መጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ተብሎ ተገምቶ ነበር፤ በኋላ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ካላዛር ሆኖ ተገኘ። ሁለቱም ትኩሳት፣ የጣፊያ ማበጥና የደም ማነስ ያመጣሉ፤ ካላዛር ግን መቅኔውን ስለሚይዝና ጣፊያውን እጅግ ስለሚያሳብጥ ነጩንም ቀዩንም ፕሌትሌቱንም አብሮ ያወርዳል። ሦስቱ ተያይዘው ሲወርዱ ያየ ሰው ከወባ ውጪ ማሰብ ይኖርበታል።

ስለ ደመወዙ ብዙ አልልም፤ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ፍሪጅ ውስጥ ያኖራችሁት የሁለት ዓመት ናሙና በአንድ ሌሊት የመብራት መቋረጥ ሲበላሽ ግን የምታለቅሱበት ቀን አለና፣ ለጄኔሬተሩ ነዳጅ የሚሞላውን ሰው ስልክ ከፕሮፌሰሩ ስልክ በፊት ያዙ።

እኒያን አባት ይቅርታ ልጠይቅ ዘጌ ሄጄ ነበር። ባለቤታቸው ቡና አፍልተው ካጠጡኝ በኋላ እሳቸው ፈገግ ብለው «ታዲያ ልጄ፣ ጠፋ ያልከው ደሜ የት ከርሞ መጣ?» አሉኝ። ኢዲቲኤን በአማርኛ ላስረዳቸው ስታገል የመጨረሻው ጀልባ ጥሩንባውን ነፋ፤ ሳልጨርስ ተነሣሁ።