የገንዘብ ምልክቶች በኮምፒዩተር ጽሑፍ ውስጥ፦ ጥያቄና መልስ

ደሴ ውስጥ በኮምፒዩተር ጽሕፈትና ኅትመት ሥራ ስለቆየሁ፣ በየከተማው ካሉ ወገኖቼ የመጡልኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ኮምፒዩተር የዶላርን ምልክት ከፊደል የሚለየው እንዴት ነው?

መልስ፦ ለኮምፒዩተር ሁለቱም ቁጥሮች ናቸው፤ $ የሚቀመጠው 36 ተብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 አሜሪካ ውስጥ የወጣው አስኪ የተባለው የኮድ ሠንጠረዥ 128 ቦታዎች ብቻ ስለነበሩት፣ ዶላርን ሲያስገባ ፓውንድንና የንን ውጭ ትቷቸው ነበር። የዓለምን ጽሑፍ ሁሉ ለመያዝ የተዘጋጀው ዩኒኮድ ግን ለፓውንድ 163ን፣ ለየን 165ን፣ ለዩሮ 8364ን መድቧል። ቁጥሩን ተቀብሎ ቅርጹን የሚያሳየን ፎንቱ ነው።

ጥያቄ (ከወልዲያ)፦ ልጄ ከእንግሊዝ አገር የላከችልኝን የዕቃ ዋጋ ዝርዝር ስከፍተው፣ ከእያንዳንዱ £ ፊት ቆብ የደፋ የላቲን «ኤ» አገኘሁ። ዋጋው ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አብሽሩ እናቴ፣ ዋጋው አልተነካም። ልጅዎ ፋይሉን ያስቀመጠችው ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ ሲሆን፣ ይህ አጻጻፍ £ን 194 እና 163 በሚሉ ሁለት ባይቶች (ኮምፒዩተር ቁጥር በሚያስቀምጥባቸው ትንንሽ ቦታዎች) ይመዘግባል። የእርስዎ ፕሮግራም ደግሞ አንዱን ባይት እንደ አንድ ፊደል በሚቆጥረው በቀድሞው የምዕራብ አውሮፓ ሠንጠረዥ አነበበው፤ በዚያ ሠንጠረዥ 194 ባለ ቆቡ «ኤ» ነው፣ 163 ደግሞ ራሱ ፓውንድ ነው። ፋይሉን እንደገና ሲከፍቱ ዩቲኤፍ-8 የሚለውን ይምረጡ። እንደተዛባ መልሰው ካስቀመጡት ግን ስሕተቱ ፋይሉ ውስጥ ይጻፋልና፣ እባክዎ አስቀድመው ቅጂ ይያዙ።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ በምልክቱ ቦታ ባዶ ሳጥን የሚታየውስ?

መልስ፦ ቁጥሩ ደርሷል፣ ፎንቱ ግን ቅርጹ የለውም። የሕንድ ሩፒ ምልክት ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ2010 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተሠሩ ፎንቶች አያውቁትም። አዲስ ፎንት ይጫኑ።

ጥያቄ (ከባቲ)፦ ብራችን የራሱ ምልክት ለምን አልኖረውም? እኛ ፎንት ላይ ብንሥልለትስ?

መልስ፦ በዩኒኮድ ውስጥ ለብር ብቻ የተመደበ ምልክት የለም፤ በዓለም አቀፍ ሰነድ ላይ «ኢቲቢ» በሚሉ ሦስት የላቲን ፊደላት ይጠራል። እኔ ግን ይህን እንደ ጉድለት አላየውም፤ «ብር» የሚለው ቃል በሁለት ሆሄ ያልቃል፣ ብ 4709፣ ር 4653 የሚል የታወቀ ቁጥርም አላቸው። በዶላር የሚቀና ካለ፣ ያ ስም ራሱ አባቶቻችን ጠገራ ብር ይሉት ከነበረው ገንዘብ፣ ማለትም ከታለር የተወረሰ መሆኑን ያስታውስ። በሌላ ፊደል ቁጥር ላይ የራስን ሥዕል መጫን ግን ትልቅ ጥፋት ነው። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የነበሩት ፎንቶች ሆሄዎቻችንን በላቲን ፊደላት ቁጥሮች ላይ ያስቀምጡ ስለነበር፣ በዚያ ዘመን የተጻፈ የዋጋ ዝርዝር ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ክምር ሆኖ ይወጣል። ስንት ሰው የገዛ መዝገቡን ማንበብ አቅቶት ወደ እኔ መጥቷል! ያንን በገዛ እጃችን አንድገመው።

ጥያቄ (ከከሚሴ)፦ በላቲን ፊደል በጻፍሁት የስልክ መልእክት ላይ «ብር» ብዬ ስጨምር ለምን ለሁለት ይከፈላል?

መልስ፦ አንድ መልእክት በላቲን ፊደል 160 ሆሄ ይይዛል፤ አንዲት የግእዝ ፊደል ከገባች ግን መልእክቱ በሙሉ ሰፊ ቦታ ወደሚወስድ አጻጻፍ ይለወጥና ልኩ ወደ 70 ይወርዳል። በላቲን የጀመሩትን በላቲን ይጨርሱት፤ በአማርኛ ሲጽፉ ደግሞ ከ70 ሆሄ እንዳያልፍ ያሳጥሩት።