ብሎክ ኮፖሊመርን በኒውትሮን ማጥናት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ውሃ ውስጥ ያሉ ብሎክ ኮፖሊመሮችን ለማጥናት ኤክስሬይ አይበቃም ወይ? ኒውትሮን ለምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ ብሎክ ኮፖሊመር ጠባያቸው የተለያየ የፖሊመር ክፍሎች በአንድ ሰንሰለት የተያያዙበት ሞለኪዩል ነው። አንዱ ክፍል ውሃን ሲወድ ሌላው ሲሸሽ፣ ሰንሰለቶቹ ተሰባስበው እምብርትና ሽፋን ያለው ማይሴል ይሠራሉ። ኤክስሬይን የሚበትኑት ኤሌክትሮኖች በመሆናቸው ውሃ የጠገበው ሽፋን ከአካባቢው ብዙም አይለይለትም። ኒውትሮንን የሚበትነው ግን የአቶሙ ኒውክለስ ነው፤ በዚህም የተነሳ የተራ ሃይድሮጂን የብተና ርዝመት (ኒውክለሱ ኒውትሮንን የመበተን አቅሙ መለኪያ) −3.74 ፌምቶሜትር ሲሆን የዲዩቴሪየም፣ ማለትም የከባዱ ሃይድሮጂን፣ +6.67 ነው። በኬሚስትሪ ረገድ መንታ የሚመስሉት ሁለቱ ለኒውትሮን በምልክት እንኳ ተቃራኒ ናቸው።

ጥያቄ፦ ይህ ልዩነት በተግባር እንዴት ይሠራበታል?

መልስ፦ ተራ ውሃንና ከባድ ውሃን (ሃይድሮጂኑ ዲዩቴሪየም የሆነውን) እየቀላቀልን የአሟሚውን የብተና ጥግግት፣ ማለትም በአንድ መጠነ ይዘት ውስጥ ያለውን ጠቅላላ የብተና ርዝመት፣ ከአንዱ ክፍል ጋር ስናስተካክል ያ ክፍል ይሰወራል፤ የሚታየውም የቀረው ብቻ ይሆናል። ሆኖም ፕሉሮኒክ በሚባሉት፣ ከፖሊኤቲሊን ኦክሳይድና ከፖሊፕሮፒሊን ኦክሳይድ በተሠሩት ኮፖሊመሮች፣ ለምሳሌ በኤፍ127፣ ይህ ብልሃት ብቻውን አያዋጣም። የፖሊኤቲሊን ኦክሳይድ ክፍል 17 በመቶ ገደማ፣ የፖሊፕሮፒሊን ኦክሳይድ ክፍል ደግሞ 13 በመቶ ገደማ ከባድ ውሃ ባለበት ድብልቅ ውስጥ ስለሚሰወሩ፣ አንዱን ስንሰውር ሌላውም አብሮ ሊጠፋ ይደርሳል። አንዱን ክፍል በዲዩቴሪየም ማሠራት ይሻላል፤ ወጪው ግን ቀላል አይደለም።

ጥያቄ፦ ናሙናው ምን ያህል ይሁን?

መልስ፦ በክብደት 1 በመቶ አካባቢ ቢሆን ለመነሻ ይበቃል፤ ሲበዛ ማይሴሎቹ እርስ በርስ መገፋፋታቸው ውጤቱን ያወሳስበዋል። ውፍረቱ 1 ወይም 2 ሚሊሜትር የሆነ የኳርትዝ ዕቃ የተለመደ ነው።

ጥያቄ፦ ማይሴል ውስጥ የገባ ሰንሰለት እዚያው ይቀራል ወይስ ይወጣል?

መልስ፦ ኒውትሮን ከሁሉ አብልጦ የሚያኮራው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ግማሹን ማይሴል በተራ ሃይድሮጂን፣ ግማሹን በዲዩቴሪየም በተሠራ ኮፖሊመር አዘጋጅተን፣ የሁለቱን አማካይ ጥግግት በያዘ አሟሚ ውስጥ እናቀላቅላቸዋለን። መጀመሪያ ሁለቱም ከአሟሚው ስለሚለዩ ብተናው ጠንካራ ነው፤ ሰንሰለቶች ከአንዱ ወጥተው ወደ ሌላው ሲገቡ ግን እያንዳንዱ ማይሴል ወደ አማካዩ ስለሚቀርብ ብተናው እየደከመ ይሄዳል፤ የመድከሙ ፍጥነትም የልውውጡን ፍጥነት ይነግረናል። በዚህ መንገድ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በፖሊስታይሪን እምብርት ላይ ተሠርቶ በ2010 የታተመ ጥናት፣ የልውውጡ ፍጥነት በእምብርቱ ክፍል ርዝመት ላይ እጅግ የተመሠረተ መሆኑን አሳይቷል፤ ረጅሙ ሰንሰለት ከአጭሩ በብዙ እጥፍ ይዘገያል። በኤክስሬይ ቢሆን ሁለቱ ሰንሰለቶች አንድ ዓይነት ስለሚመስሉ ልውውጡ እንዲህ አይታይም ነበር።

ጥያቄ፦ ታዲያ ዲዩቴሪየም ናሙናውን ራሱን አይለውጠውም?

መልስ፦ በጥቂቱ ይለውጠዋል፤ ብዙዎችም ይህን ችላ ይላሉ። ፕሉሮኒክ ማይሴል የሚሠራው ሙቀት ሲጨምር በመሆኑ፣ ማይሴሉ የሚጀምርበት ሙቀት በከባድ ውሃ ውስጥ ከተራው በመጠኑ ሊለይ ይችላል። ስለዚህ በተራ ውሃ የተለካውን ሙቀት ለከባድ ውሃ ናሙና እንዳለ አይውሰዱ፤ ወደ ኒውትሮኑ ከመሄድዎ በፊት በቤተ ሙከራዎ በብርሃን ብተና ደግመው ይለኩት።