ከልጅ ጋር በአነስተኛ ወጪ የእጅ ሰዓት ስብስብ ስለመጀመር

ጠያቂያችን የዘጠኝ ዓመት ልጃቸው የእጅ ሰዓት ፍቅር እንደያዘው ገልጸው፣ ኪስ ሳይጎዳ አብረው የሚያሰባስቡት ስብስብ ከየትኛው ሰዓት ቢጀመር እንደሚሻል፣ አሮጌ ሰዓት መግዛት ያዋጣ እንደሆነ፣ ነገሩም ዕቃ ማግበስበስ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ምን ማድረግ እንደሚገባ ጠይቀዋል። ልጁ ከጥቂት ወራት በኋላ ቢሰለችስ የሚል ስጋትም አክለዋል። እኔ ከሴት ልጄ ጋር በዚሁ ጉዳይ ዓመታት ስላስቆጠርኩ ያየሁትን በዝርዝር ልጻፍልዎ።

አስቀድሜ የምለው፣ «እነዚህን አምስት ሰዓቶች ግዙ» የሚል ዝርዝር ቢሰጥዎ ወደ ጎን ቢያደርጉት ይሻላል። እንዲህ ያለው ዝርዝር የትልቅ ሰው ምርጫ ስለሆነ ልጁ የአባቱን ዕቃ ጠባቂ ሆኖ ይቀራል። እኛ የተመራንበት ደንብ አንድ ብቻ ነው፤ አዲስ የሚገባ ሰዓት ቀድሞ ያሉት የማይሠሩትን አንድ ነገር መሥራት አለበት፣ ያ ነገር ምን እንደሆነም ከመግዛታችን በፊት ልጅቱ ራሷ ልታስረዳኝ ይገባል። «ቀለሙ ደስ ይላል» የሚለው ብቻውን አይበቃም፤ ቀለምን በማሰሪያ መለወጥ ይቻላልና። ደንቡ ወጪንም ይቆጣጠራል፤ ምክንያቱም በአሠራራቸው በእርግጥ የሚለያዩት የሰዓት ዓይነቶች ብዙ አይደሉም፣ የእያንዳንዱ ዓይነት ጥሩ ተወካይም በርካሾቹ መካከል ይገኛል።

ለመጀመሪያነት ካሲዮ ኤፍ-91ደብልዩን የሚያህል አላገኘሁም። እ.ኤ.አ. በ1989 ወጥቶ እስካሁን መልኩን ሳይለውጥ የሚመረት፣ 21 ግራም ብቻ የሚመዝን፣ ወርዱም 33 ሚሊ ሜትር ገደማ በመሆኑ በትንሽ እጅ ላይ የማይንገዋለል ሰዓት ነው። የሩጫ መለኪያና የማንቂያ ደወል አለው፤ አንድ ባትሪም ሰባት ዓመት ያህል ያስኬደዋል። መብራቱ ግን ለስሙ ያህል ነው። መመሪያ ወረቀቱን ለጊዜው ያስቀምጡትና የሦስቱን ቁልፎች ሥራ ልጁ በራሱ ፈትሾ ይድረስበት። በቀኝ በኩል ያለውን ቁልፍ ለሦስት ሰከንድ ያህል ተጭኖ ሲይዘው በቁጥሮቹ ፋንታ የአምራቹ ስም ብቅ ይላል፤ ይህ አስመስለው የተሠሩትን ለመለየት ከሚያገለግሉት መንገዶች አንዱ ነው። ስሙ ካልመጣ ሰዓቱን ይጠርጥሩት፤ ይህንኑ የሚያስመስሉም ስላሉ ስሙ መምጣቱ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም።

በዚህች ርካሽ ሰዓት ውስጥ ለልጅ የሚነገር ብዙ ነገር አለ። በውስጧ ያለችው ኳርትዝ የተባለው ማዕድን ቅንጣት ከባትሪው ኤሌክትሪክ ስታገኝ በሰከንድ 32,768 ጊዜ ትርገበገባለች። ልጄ ይህን ስትሰማ ቁጥሩ ለምን ድፍን 32,000 እንዳልሆነ ጠየቀችኝ። መልሱን ከመንገር ይልቅ እርሳስና ወረቀት ሰጥቼ ቁጥሩን ደጋግማ ለሁለት እንድታካፍል ነገርኳት። 16,384፣ 8,192፣ 4,096 እያለች ወረደችና በአሥራ አምስተኛው ማካፈል ላይ 1 ስታገኝ፣ ምንም ትርፍራፊ አለመኖሩን ለማረጋገጥ ከላይ ጀምራ እንደገና ሠራችው። የሰዓቱ ኤሌክትሮኒክ ክፍልም የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ርግብግቢቱን አሥራ አምስት ጊዜ ለሁለት እየከፈለ በሰከንድ ወደ አንድ ምት ያወርደዋል። ሴይኮ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 1969 አስትሮን የተባለውን የመጀመሪያውን የኳርትዝ እጅ ሰዓት ለገበያ ሲያቀርብ ዋጋው ከአንድ አነስተኛ መኪና ጋር የሚወዳደር እንደነበረ ቢነግሩት፣ ልጁ በእጁ ያለውን ፕላስቲክ ሰዓት በሌላ ዓይን ማየቱ አይቀርም።

ቀጥሎ ጊዜን በሚዞሩ ቆጣሪዎች የሚያሳይ የኳርትዝ ሰዓት ይምጣ። እዚህ ላይ ብዙ የምለው የለኝም፤ ከ1 እስከ 12 ያሉት ቁጥሮች በሙሉ የተጻፉበት፣ የደቂቃ መስመሮቹ ጎላ ያሉ፣ የሰከንድ ቆጣሪም ያለው ማንኛውም የታይሜክስ ወይም የካሲዮ ሥራ ይበቃል። ስዋች ካገኙ ደግሞ ታሪክ አብሮት ይመጣል፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ሲወጣ የክፍሎቹ ብዛት ወደ 51 ዝቅ ብሎ ነበር፣ ዋጋውም የወረደው በዚሁ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ በተለመደው መንገድ ከጀርባው ተከፍቶ እንዲጠገን ታስቦ የተሠራ አለመሆኑን ልጁ ይወቅ። የዋጋ መርከስ ምን እንደሚያስቀር በዚህ ያየዋል።

የስብስቡ ልብ ግን ሜካኒካሉ ሰዓት ነው፤ በጀትዎ በአንድ ሰዓት ላይ ጠብሰቅ እንዲል ከተፈለገ በዚህኛው ላይ ይሁን። ሴይኮ 5 የተባለው ተከታታይ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ያለ ሲሆን፣ ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ ከወጡት ብዙዎቹ 7ኤስ26 የተባለውን ሞተር የያዙና ጀርባቸው በመስታወት የተሸፈነ ስለሆነ ውስጣቸው ይታያል። እጅ ሲንቀሳቀስ የሚዞረው ግማሽ ክብ ብረት ሞላውን ይጠመጥማል፤ ሞላው ሲፈታ ጥርሶቹን ይገፋል፤ ከሁሉ በላይ ዓይን የሚስበው ወዲያ ወዲህ የሚወዛወዘው ትንሽ መንኮራኩር ደግሞ ፍጥነቱን ይቆጣጠራል። ምቱ በሰዓት 21,600 ነው፤ ልጁ ይህን ለ3,600 ሲያካፍል 6 ያገኛል፣ የሰከንድ ቆጣሪውም በእያንዳንዱ ሰከንድ ስድስት ትንንሽ እርምጃዎች እንደሚሄድ በአጉሊ መነጽር ማየት ይችላል። ይህ ሞተር በሰዓቱ ጎን ያለውን መሙያ በእጅ በማዞር አይሞላም፤ የቆመ እንደሆነ በዝግታ ማወዛወዝና እጅ ላይ ማሰር ነው። ቀን የሚያሳየውን ክፍል በተመለከተ አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ቆጣሪዎቹ በእኩለ ሌሊት ዙሪያ ባሉት ሰዓታት ላይ ሳሉ ቀኑን በፍጥነት ማስተካከያው መለወጥ ጥርሶቹን ሊጎዳ ስለሚችል፣ መጀመሪያ ቆጣሪዎቹን ወደ ታች ወደ 6 ቁጥር ማውረድ ይመረጣል።

ዕቃ ማግበስበስን ስለመከላከል ለጠየቁት መልሴ ደብተር ነው። ልጄ ለእያንዳንዱ ሰዓት አንድ ገጽ አላት። እኔ የስልኩን ሰዓት ይዤ ሰከንዱ ዜሮ ሲገባ «አሁን!» እላለሁ፤ እርሷ የያዘችው ሰዓት በዚያች ቅጽበት የሚያሳየውን ሰከንድ አንብባ ልዩነቱን ትጽፋለች። ኳርትዞቹን በወር አንዴ ማየት ይበቃል፤ ኤፍ-91ደብልዩ በወር እስከ 30 ሰከንድ ሊቀድም ወይም ሊዘገይ እንደሚችል አምራቹ ራሱ ይገልጻል። ሜካኒካሉ ግን በየቀኑ የሚመዘገብ ልዩነት አለው፣ ጨዋታውም ያለው እዚያ ነው። ልጄ ሌሊት ፊቱን ወደ ላይ አድርጋ ስታሳድረው የሚቀድመው ሰዓት፣ መሙያው ወደ ታች ሆኖ በጎኑ ሲቆም እንደሚዘገይ ከገጿ ላይ አገኘች። ምክንያቱ የሚወዛወዘው መንኮራኩር በየአቀማመጡ የሚገጥመው ሰበቃና የመሬት ስበት የተለያየ መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰዓቷ ሲቀድም በጎኑ አቁማ ታሳድረዋለች፤ ሰዓት ሠሪ ሳይነካው ልዩነቱን ታቀራርበዋለች። ሰዓቱ ድንገት በቀን ብዙ ደቂቃ መቅደም ከጀመረ ማግኔት ነክቶት ሊሆን ይችላልና ከድምፅ ማጉያና ባለ ማግኔት ከሆነ የታብሌት ሽፋን ያርቁት፤ ማግኔቱን ማስለቀቅ ለሰዓት ሠሪ የአፍታ ሥራ ነው። እንዲህ ያለ ደብተር የያዘ ልጅ ስለ አዲስ ሰዓት የሚያነሳው ጥያቄ ከዋጋና ከመልክ አልፎ ይሄዳል።

ከሦስቱ በኋላ ሩጫው ዘገም ይበል። በብርሃን የሚሠራ ሰዓት፣ ለምሳሌ ከሲቲዝን ኢኮ-ድራይቭ ዓይነቶች ቀላሉ፣ አራተኛ ሊሆን ይችላል። ውኃ የሚወድ ልጅ ከሆነ እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣው ቮስቶክ አምፊቢያ ጥሩ ርእስ ነው፤ ወደ ጥልቅ ሲወርድ የውኃው ግፊት የጀርባ ክዳኑን በጎማው ላይ ይበልጥ እንዲጫን ተደርጎ የተሠራ ነውና። በነገራችን ላይ በሰዓት ላይ የሚጻፈው «30 ሜትር» እስከዚያ ጥልቀት ይጠለቅበታል ማለት አይደለም፤ ለእጅ መታጠቢያና ለዝናብ ያህል ነው። ለዋና 100 ሜትር የተባለውን ይምረጡ፣ ውኃ ውስጥም ቁልፍ አይነካ።

አሮጌ ሰዓት ያዋጣል ወይ ለሚለው፣ ለዕውቀት አዎ፣ ለቁጠባ ግን ሁልጊዜ አይደለም እላለሁ። በርካሽ የተገዛ አሮጌ ሜካኒካል ሰዓት ጽዳትና ዘይት ሲፈልግ የጥገናው ዋጋ ከራሱ ሊበልጥ ይችላል። መስታወቱ ፕላስቲክ ከሆነ ጭረቱን በማወልወያ ቅባት ማጥፋት ስለሚቻል ለልጅ የሚመች ሥራ ነው። ነገር ግን እስከ እ.ኤ.አ. 1960ዎቹ ድረስ ከተሠሩት፣ በጨለማ እንዲያበሩ ቀለም ከተቀቡት መካከል ብዙዎቹ ራዲየም የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር እንዳለባቸው መታወቅ አለበት። የራዲየም ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም መጠኑ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ፣ 1,600 ዓመት ገደማ ስለሆነ ቀለሙ ማብራቱን ቢያቆምም ጨረሩ አለ፤ የተሰነጣጠቀው ቀለም በአቧራ መልክ ወደ ሳንባ መግባቱም አደገኛ ነው። እንዲህ ያለውን ሰዓት ቤት ውስጥ አይክፈቱ፤ እኔ ከነጭራሹ አልገዛውም።

ከራዲየሙ ይልቅ ዕለት ተዕለት የሚያሳስበኝ ባትሪው ነው። የኤፍ-91ደብልዩ ባትሪ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሊቲየም ሲሆን፣ ልጅ ቢውጠውና ጉሮሮ ውስጥ ቢቀረቀር በሁለት ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ሊያደርስ ይችላል። የእርስዎ ልጅ ዘጠኝ ዓመቱ ቢሆንም ታናናሾች ካሉ ባትሪ ለመቀየር የሚቀመጡት እነርሱ ሲተኙ ነው፤ የወጣውም ባትሪ ያለቀ ቢመስልም አደጋው ስለማይቀር ወዲያውኑ በፕላስተር ተጠቅልሎ ይራቅ። ልጅ ውጦት ይሆናል ብለው ከጠረጠሩ ምልክት ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ይሂዱ።

ማሰሪያ መቀየር በአንጻሩ አደጋው ትንሽ፣ ደስታው ብዙ ነው። በሰዓቱ ጆሮዎች መካከል ያለውን ርቀት ልጁ ራሱ በማስመሪያ ይለካ፤ ብዙውን ጊዜ 18፣ 20 ወይም 22 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ማሰሪያውን የምትይዘው ሞላ ያላት ቀጭን ዘንግ ስትወጣ ተስፈንጥራ ስለምትጠፋ፣ ሥራው በሰፊ ትሪ ውስጥ በጨርቅ ላይ ይሠራ። ባለ አንድ ወጥ የጨርቅ ማሰሪያ በሁለቱ ዘንጎች ሥር ስለሚያልፍ፣ አንዷ ዘንግ ብትሰበር እንኳ ሰዓቱ ከእጅ አይወድቅም። የልጅ ቆዳ ርካሽ ብረት ከነካው በኋላ የሚቀላ ከሆነ ኒኬል ሊሆን ስለሚችል ወደ ጨርቅ ወይም ወደ ጎማ ይለውጡ።

ስለ ገንዘቡ፣ ልጁ ከራሱ ቁጠባ ትንሽም ቢሆን ድርሻ ያዋጣ፤ ከፍተኛውንም ዋጋ ልጁ ምርጫ ከመጀመሩ በፊት ይንገሩት። ርካሽ ሰዓት ዋጋው ይጨምራል የሚል ተስፋ ግን አይስጡት፤ አብዛኞቹ አይጨምሩም።

ልጁ ከሰለቸ ደግሞ አያስገድዱት። ሜካኒካሉን ሰዓት ደረቅ ቦታ ማኖር ይበቃል። የኳርትዞቹን ባትሪ ግን አስወጥተው ያስቀምጧቸው፤ ያለቀ ባትሪ ውስጥ ሲከርም ፈሳሽ ያወጣና ሞተሩን ይበላዋል። በብርሃን የሚሠራው ካለም መሳቢያ ውስጥ ከመክረም ብርሃን የሚያገኝበት መደርደሪያ ላይ ቢሆን ይሻለዋል። ደብተሩን ከሰዓቶቹ ጋር በአንድ ሳጥን ያኑሩት፤ ልጁ ሲመለስ ሥራው የሚጀመረው ባትሪዎቹን መልሶ በመክተትና በአዲስ ገጽ ላይ ልዩነቱን በመመዝገብ ነው።