የዋግምቱ ምልክት ወይስ ምላጩ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ለገጣፎ የምኖር የ38 ዓመት ሴት ነኝ። ትከሻዬን ስላመመኝ ከ3 ሳምንት በፊት ቆዳዬ በምላጭ ተበጥቶ ደሙ በቀንድ የሚሳብበት ዋግምት ተደረገልኝ፤ የወጣውም ደም ጥቁርና የረጋ ነበር። ምላጩ ከእኔ በፊት ለጎረቤቴ አገልግሎ በአረቄ የተጠረገ ነው። ምልክቱ ስላልጠፋ አሞክሳሲሊን ገዝቼ ወስጃለሁ። የትኛው ቅባት ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቁኝ ስለ ቅባት ቢሆንም እንቅልፍ የነሳዎት ምላጩ መሆኑ ከአጻጻፍዎ ይገባኛልና ከእሱ ልጀምር። በአረቄ መጥረግ ምላጭን ከቫይረስ አያጸዳም፤ የጉበት ቫይረስ ቢ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ሊቆይ ይችላል። ጎረቤትዎ ቫይረስ ከሌለባቸው ግን ከእርሳቸው የሚተላለፍብዎ የለም፤ ቢኖርባቸው እንኳ አንድ ጊዜ መጋለጥ የግድ መያዝ ማለት አይደለም። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት የሚሰጠው በ72 ሰዓት ውስጥ ብቻ ስለሆነ በማግስቱ ጤና ጣቢያ መሄድ ነበረብዎ፤ ሦስቱን ሳምንት ቫይረስን በማይገድል አሞክሳሲሊን ማሳለፍዎ እጅግ ያሳዝነኛል። ነገ ጠዋት ሄደው የኤችአይቪ፣ የጉበት ቫይረስ ቢ እና ሲ ምርመራ ያድርጉ፤ ነጻ ቢባሉም 3 ወር ሲሞላ ይድገሙት። ስለ መንጋጋ ቆልፍ ክትባትም ይጠይቁ።

ደሙ መጥቆሩም አያስደንግጥዎ። ኦክስጅኑን ለሰውነት ሰጥቶ የሚመለስ ደም ይጠቁራል፣ ከቀንዱ ሥር ሲቆይም ይረጋል፤ የጤነኛ ሰው ደምም እንዲሁ ነው። «መጥፎው ደም ወጣልኝ» የሚለውን ቃል ከታካሚዎቼ ስሰማ የምሰጋው፣ በዚህ እምነት የደም ግፊት ክኒናቸውን የሚያቆሙ ስላሉ ነው። ደምን የሚያጣሩት ኩላሊቶች ናቸው፤ በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያጣራሉ። ቀንዱ የሚስበው ግን በመላ ሰውነት የሚዘዋወረውን ያንኑ ደም እንጂ ተለይቶ የተጠራቀመ ቆሻሻ አይደለም፤ የደም ማነስ ላለባት ሴት ደግሞ የሚወጣው ሁሉ ጉዳት ነው።

ያለ ምላጭ የሚደረገው ዋግምት የአንገትና የወገብ ሕመምን ለጊዜው ሊያስታግስ ይችላል፤ ለምጽን እንደሚያድን ግን የተረጋገጠ ነገር የለም። በመሳብ ብቻ የሚመጣው ክብ ምልክት በ2 ሳምንት ገደማ ይጠፋል፤ የምላጩ መስመር ግን በእኛ ቆዳ ላይ ለወራት ጠቁሮ ሊቆይ ይችላል፣ ይህም በሽታ አይደለም። የሚያቀላ ቅባት አይቀቡ። ቦታው ከሞቀ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ከመጣ በዚያው ቀን ይታዩ።

ጎረቤትዎም ከእርሳቸው በፊት ምላጩ ማንን እንደነካ አያውቁምና አብረውዎት ይመርመሩ።